ውፍረቱ የጥጋብ አይደለም

(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያሰማው ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የመዋጮውን ጉዳይ ገንዘብ ያዡ ተናግረዋል። እኛ የምናነሣው ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ሰውነታችን ነው። ሐኪሞች አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ቢሆንም በሰፈራችን ያየነውንና ከጤና ባለሙያዎች ጠይቀን የተረዳነውን መናገር ይገባናል ብለናል።

እንደሚታወቀው ሁሉ የደባርቅና የዳባት ሰው ኑሮው ሸክምና ዳገት ነው። ሀያ ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ሀያ ኪሎ ነው። ያንን አዝላ ዳገት ስትወጣ የኖረች ሴት ወገቧን ቢያማት ምን ይገርማል? ጭነት ሲጭንና ሲያወርድ ያረጀውም ጉልበቱ ይከዳዋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን በደረሰ ጊዜ ከቆሰሉት ውስጥ ቁስሉ ድኖ ሕመሙ የቀረባቸው አሉ። በዚህ ላይ ብርዱ አለ። ስለዚህ በየቤቱ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ቢኖር አያስደንቅም።

አሁን አንድ ነገር እንናገራለን። ስማቸውን አንጠራም፤ ይነገር ያሉትም ራሳቸው ናቸው። አንዲት የሰፈራችን እናት ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ ሲያማቸው ቆይቶ፣ አንድ ሰው ለሌላ በሽታ የታዘዘለትን ክኒን አካፈላቸው። ሕመሙ ቀለል አለላቸው፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ክኒን እየገዙ መዋጥ ቀጠሉ። ጥቂት ወራት እንዳለፈ ፊታቸው ክብ ሆነ፤ ሆዳቸውም ገፋ። ቡና ላይ ስንቀመጥ «እትዬ፣ ተመቸዎት እኮ! ምን ቢበሉ ነው?» እያልን እንስቅ ነበር። ከሳቁት መካከል እኛም አለንበት። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። በኋላ ግን ቡና መምጣት ተዉ።

ለካ ቤታቸው ሆነው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየበሉ ኖሯል። በየሳምንቱ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ኪሎው አይቀንስም። በመጨረሻ ተናደው ክኒኑን በአንድ ቀን እርግፍ አድርገው ተዉት። ጥቂት ቀን ቆይቶ ማስመለስ ጀመራቸው፤ አቅም አጥተው ወደቁ፤ ጎረቤት ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። ስንጠይቃቸው «ሌሊቱን ሳልተኛ የማድር ሴትዮ ምን ይመቸኛል? እናንተ ስትስቁ ከሕመሙ ይልቅ እሱ አመመኝ» አሉን። ይህን ከሰማን በኋላ ነው ጉዳዩን መጠየቅ የጀመርነው።

የክኒኑ ስም ፕሬድኒሶሎን ነው። ዴክሳሜታዞንም የእሱ ወገን ነው። በሐኪም ሲታዘዙ ለብዙ በሽታ የሚጠቅሙ ናቸው። ሆኖም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ረኀብ ይጨምራሉ፤ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፤ ስቡን ወደ ፊትና ወደ ሆድ ይሰበስባሉ። የደም ግፊትና ስኳርም ያስነሣሉ፤ አጥንት ያሳሳሉ። ከኩላሊታችን በላይ ያሉት ዕጢዎች ይህንኑ የመሰለ ነገር ራሳቸው ያመነጫሉ። ከውጭ ሲመጣላቸው ግን ሠራተኛ እንደተቀጠረለት ሰው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ስለሆነም ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በድንገት ካቆመ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ሐኪሙ ነው ቀስ በቀስ የሚያስቀንሰው።

ሌሎችም አሉ። አሚትሪፕቲሊን ለነርቭ ሕመም ማታ ማታ የሚሰጥ ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ ያስተኛል፤ አፍ ያደርቃል። አፉ የደረቀበት ሰው ደግሞ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ያበዛል። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንም ኪሎ ይጨምራሉ፤ እግርም ያሳብጣሉ። እነዚህንም ቢሆን በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም ጥሩ አይደለም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ስብ አያመጡም፤ ነገር ግን ውሃ ይይዛሉ፤ ሲበዙም ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል አያወፍርም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ክኒኑ ያስርባል፤ ሕመሙ ከመንቀሳቀስ ያግዳል፤ እንቅልፍ ማጣቱም በተራው ረኀብ ይጨምራል። ሦስቱ ተባብረው የያዙትን ሰው «ሆዳም ነው» ማለት ግፍ ነው። የእሱ ትግል ከጤነኛው ይልቅ ከባድ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የተነገረንን እነሆ።

አንደኛ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ስም እወቁ። ዳባት ላይ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደቱንም ሞቱንም ሲመዘግቡ ኖረዋል። እኛስ የምንውጠውን ክኒን መመዝገብ ያቅተናል? ማሸጊያውን አትጣሉ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ያዙትና «ይህ ያወፍራል ወይ? የማያወፍር ሌላ አለ ወይ? መጠኑ ይቀነስልኝ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የጤና መድኅን ደብተር ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ካስፈለገ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ትላካላችሁ።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት እንደ በርበሬ ከጎረቤት አይበደሩ፤ አያበድሩም።

ሦስተኛ፣ ራስን ማስራብ አያዋጣም። ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ውለው ማታ ሞልቶ መብላት ይብሳል። እንጀራውን ቀንሰን ባቄላውን፣ አተሩን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን እናብዛ። የአገራችን ገብስ ቶሎ አያስርብም፤ በሶው ያለ ስኳር ይሁን። በጾም ወቅት ወጡ በዘይት እንዳይዋኝ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከ100 ካሎሪ በላይ አለው። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥም ከስድስት የሻይ ማንኪያ በላይ ስኳር አለ። አፍ ሲደርቅ ውሃ ይጠጣ። ከምግብ ጋር ውሰዱ የተባለ መድኃኒት ያለበት ክርስቲያን የንስሐ አባቱን ያማክር፤ በረመዳንም ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ሙስሊም ወንድሞቻችን ያውቃሉ።

አራተኛ፣ በሜዳው መንገድ ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ ይራመዱ። መቆም የማይችል ተቀምጦ እግሩን ያንሣ፣ ያውርድ። ጉልበት ለሚያመው ሰው አንድ ኪሎ ሲቀንስ በየእርምጃው ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ይቀንስለታል። 80 ኪሎ የሆነ ሰው በወራት ውስጥ አራት ኪሎ ቢቀንስ ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ወር ሸንቃጣ እሆናለሁ ብሎ መነሣት ግን ተስፋ ያስቆርጣል።

ከዚህ በመነሣት የማኅበሩ ኮሚቴ የሚከተለውን ወስኗል። በቡናም ሆነ በለቅሶ ቤት «በቃኝ» ያለን ሰው «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ» እያልን አናስጨንቅ። ስለ ሰው ሰውነት «ወፈርክ፣ ከሳሽ» የሚል ቀልድ በማኅበራችን ውስጥ ይቅር። ማንበብ ለማይችሉ አባላት እሑድ እሑድ ጽሕፈት ቤቱ የመድኃኒታቸውን ስም ከማሸጊያው ላይ በወረቀት ገልብጦ ይሰጣል። ፊደሉ የፈረንጅ ቢሆንም እንደ ሥዕልም ቢሆን እንገለብጠዋለን። ብቻውን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ለሚቸግረው አብሮ የሚሄድ ሰው ይመደባል።

እኒያ እናት ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነሰላቸው ነው። በአምስት ወር ሦስት ኪሎ ቀንሰዋል። ወገባቸው አሁንም ያማቸዋል፤ ቡና ግን መምጣት ጀምረዋል። በሳቅነው ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ እሳቸውም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለውናል። እናንተም በየቤታችሁ እንዲህ የዘጋ ሰው ካለ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ፤ አደራ እንላለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት