ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና የእጅ ትርታ



የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስሙ ብዙም ስለማይነሳ በሽታ ነው። አንዲት የ25 ዓመት እህታችን ከአልዩ አምባ ገበያ ሸክሟን ይዛ የአንኮበርን ዳገት ትወጣለች እንበል። ከወራት ወዲህ ያተኩሳታል፤ ሌሊት ያልባታል፤ ከስታለች። ሊጥ ስታቦካ ግራ ክንዷ ቶሎ ይዝላል። ቤተሰቡ «ብርድ ነው» ይላል። ደብረ ብርሃን ሄዳ ስትመረመር የላብራቶሪው ወረቀት «ኢኤስአር 80» ይላል።

ይህ 80 ምንድን ነው? ደሟ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ቀጥ ብሎ ሲቆም ቀይ ሕዋሳቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሰመጡ ነው። በእሷ ዕድሜ ላለች ሴት እስከ 20 ድረስ ደህና ይባላል። ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ጉበት ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን ያበዛል፤ ቀይ ሕዋሳቱም እንደ ሳንቲም ተደራርበው ቶሎ ይሰምጣሉ። ሲአርፒ የሚባለው ምርመራ ደግሞ ጉበት የሚሠራውን ሌላ ፕሮቲን ይለካል። እሱ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፤ ብግነቱ ሲበርድም በቀናት ይወርዳል። ኢኤስአር ግን ለመውረድ ሳምንታት ይፈጃል።

ሁለቱም ብግነት መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አይናገሩም። ሳንባ ነቀርሳም ከፍ ያደርጋቸዋል፤ ኢኤስአርን ደግሞ የደም ማነስና እርግዝናም ይጨምሩታል። ነቀርሳ በአገራችን ብዙ ስለሆነ ሐኪም አስቀድሞ እሱን ቢጠረጥር አያስወቅሰውም። ነገር ግን ከልብ የሚወጡትን ትላልቅ ደም ቅዳዎች የሚያቆጣ ታካያሱ የሚባል በሽታም አለ። ስሙ በ1908 እ.ኤ.አ. በአንዲት ወጣት ዓይን ውስጥ ያልተለመደ የደም ሥር አቀማመጥ ካየው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም የመጣ ነው። በብዛት የሚይዘው ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችን ነው። የቧንቧው ግድግዳ ይወፍራል፤ መተላለፊያው ይጠባል፤ በእጅ አንጓ ላይ ያለው ትርታ ይደክማል ወይም ይጠፋል። ችላ ከተባለ ዓይንን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ስለዚህ ሐኪሙ የሁለቱንም እጆች ትርታ እንዲዳስስ፣ ግፊቷንም በሁለቱም ክንዶች እንዲለካ ጠይቁ። ቧንቧው በጠበበበት ክንድ ብቻ ከተለካ ግፊቷ ዝቅተኛ መስሎ ያታልላል። ልዩነቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ የቧንቧዎቹ ምስል መነሣት አለበት።

ደግሞ ቁጥሩ ደህና ስለሆነ ብቻ መዘናጋት የለብንም። በአሜሪካ 60 ሕሙማንን ተከታትሎ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በሽታው ሥራ ላይ እያለ ኢኤስአራቸው ከፍ ያለው ከመቶ 72ቱ ብቻ ነበሩ። በሽታው ተኝቷል ተብለው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መካከልም በተወሰደው የቧንቧ ናሙና ላይ ብግነቱ እየሠራ የተገኘባቸው ነበሩ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሕመምተኛዋም «አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ» ብላ ክኒኑን ትተዋለች። ለሳምንታት የተወሰደን ፕሬድኒሶሎን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ በራሱ አደጋ አለው፤ ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ቀንሷልና። ረመዷን ሲቃረብም አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። መጾም ከቻለች በቀን አንዴ የሚወሰደውን ክኒን በሱሑር ሰዓት ሊያደርግላት ይችላል።

የድሮ ወረቀቶቿንም አትጣል። የዛሬው 35 ትርጉም የሚኖረው ከሦስት ወር በፊቱ ጋር ሲተያይ ነው።