ሊ አኦ፤ ከብዕር ወደ ፓርላማ ወንበር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ታይዋኑ የፖለቲካ ጸሐፊና የፓርላማ እንደራሴ ስለ ሊ አኦ ነው፤ ዘመኑን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ሊ አኦ በ1935 በቻይና፥ በሐርቢን ከተማ ተወልዶ በ1949 ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ታይዋን ተሻገረ። በ1961 «ዌንሺንግ» በሚባለው መጽሔት ስለ ሽማግሌዎችና ስለ ዱላቸው ጻፈ። በዱላ ቅብብል ሩጫ የደከመው ለተከታዩ ያቀብላል፤ የሱ ሥጋት ግን ሽማግሌው ዱላውን ማቀበሉን ትቶ የወጣቱን አናት እንዳይመታበት ነበር። ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም። በ1948 በቻይና ምድር ከተመረጡት እንደራሴዎች ወደ ታይዋን የተሻገሩት፥ መራጩ ሕዝብ ከባሕር ማዶ ቀርቶ ሳለ፥ ያለ አዲስ ምርጫ እስከ 1991 መጨረሻ ወንበራቸው ላይ አረጁ! መጽሔቱም በ1965 ተዘጋ።

ለኛ ለተማሪዎች ከሁሉ የሚደንቀው የሚከተለው ነው። ፔንግ ሚንግሚን የተባለ ፕሮፌሰር በ1964 ከሁለት የቀድሞ ተማሪዎቹ ጋራ የታይዋን ሕዝብ ራሱን በራሱ እንዲያድን የሚጠራ መግለጫ አሳተመ፤ ወረቀቱ ሳይበተን ሦስቱም ተያዙ። ፔንግ በ1970 ከቁም እስር አምልጦ ስዊድን ገባ። ሊ አኦ የቻይናን አንድነት እንጂ የታይዋንን ነፃነት የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ከፔንግ ጋራ መወዳጀቱን አልተወም። ፔንግን አስመልጧል ተብሎ ተጠረጠረ፤ በ1971 ታስሮ በ1976 ተፈታ። ኋላ ሁለቱ ክፉኛ ተጣልተዋል፤ ያ ግን ለማይስማማበት ሰው የከፈለውን ዋጋ አይቀንሰውም።

የጦር ጊዜው ሕግ በ1987 ተነሣ። ሊ አኦ በ2000 ለፕሬዚዳንትነት ቢወዳደር ከመቶ አንድ ድምፅ እንኳ አላገኘም። በ2004 መጨረሻ ግን በታይፔ በግሉ ተመርጦ ከ2005 እስከ 2008 እንደራሴ ሆነ። ከአሜሪካ ሊገዛ የታሰበውን የጦር መሣሪያ አጥብቆ ተቃወመ። መቃወሙ መብቱ ነው። በኦክቶበር 2006 ግን ጭምብል አጥልቆ በኮሚቴ ስብሰባ ላይ አስለቃሽ ጋዝ ረጨ። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ያን ዕለት የሰባ አንድ ዓመቱ ሊ አኦ በወጣትነቱ የወቀሰውን ዱላ ራሱ አነሣ።

ለፍርድ ለሚቸኩል ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ2005፥ ቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ ጋብዞት ነበር። የጋበዙት ሹማምንት ምስጋና ሲጠብቁ፥ እሱ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ስለ ንግግር ነፃነት ተናገረ፤ ተማሪዎቹም አጨበጨቡለት።