የኩላሊት ምርመራ ውጤት ከፍና ዝቅ ሲል
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድር ሲባል ለሁላችን ትዝ የሚለን ድንኳኑ፣ ንፍሮውና ቀብሩ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን በቁሙ ልንቀብረው ጥቂት ስለቀረን ወንድማችን ነው። እሱም እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጦ ይሰማል፤ ነገሩ እንዲነገር የፈቀደው ራሱ ነው።

እንደምታስታውሱት፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው አዲስ አበባ ላይ ደሙን በመሣሪያ ሲያሳጥብ ከቆየ በኋላ፣ እህቱ አንድ ኩላሊቷን ሰጠችው። ይህ ሕክምና በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ ነው። ሰጪውና ተቀባዩ ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ አካሉ ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ አልተዋጋውም። በአገራችን ደግሞ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ መስከረም 2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ከዚያ በፊት ዕድሉ ባሕር ተሻግሮ ለመታከም አቅም ላለው ብቻ ነበር።

ታዲያ ወንድማችን ወደ መንዝ ሲመለስ በእጁ የያዘው የምርመራ ወረቀት «ክሪያቲኒን 1.3» ይላል። ክሪያቲኒን ማለት ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል፤ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይጠራቀማል። በተከታዩ ወር ቁጥሩ 1.8 ሆነ። ወዲያው «ኩላሊቱ ሞተ» ተባለ። ከእኛም መካከል «ያ ሁሉ መዋጮ ውኃ በላው» ያልን አለን። ይህን የሰማች እህቱ ቤቷን ዘግታ አለቀሰች።

ሐኪሙ ግን መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ውሎው ነው። ለካስ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ይውል ኖሯል፤ ለቅሶ ለመድረስም በዚያ ሐሩር ወደ ጀማ ቆላ ወርዶ ነበር። ጉልበቱን ሲያመው ደግሞ ከሱቅ የሕመም ማስታገሻ ገዝቶ ውጧል። የሰውነት ውኃ ሲያንስ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ማስታገሻዎችም ያንኑ ያባብሳሉ። ክኒኑን ተወ፣ ውኃ ጠጣ፤ በሳምንቱ ሲለካ 1.4 ሆነ። የንስሐ አባቱም «ጾም በበሽተኛ ላይ አልተጫነም» ብለው ገሠጹት።

ከሁለት ወር በኋላ ቁጥሩ እንደገና 1.7 ደረሰ። በዚህ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። ለፈንገስ የወሰደው መድኃኒት ታክሮሊመስ የተባለውን መድኃኒት በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ከፍ አድርጎት ነበር። ታክሮሊመስ አካሉ ኩላሊቱን እንዳይዋጋ ይጠብቃል፤ ሲበዛ ግን ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። ሐኪሙ መጠኑን አስተካከሉለትና ውጤቱ ወረደ።

ስለሆነም አንድ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይደለም። «ይወርዳል» ብሎ ችላ ማለትም እንዲሁ ስሕተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አካሉ ኩላሊቱን ሊቃወም ይችላል፤ ይኼ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም እኮ! የሚያጋልጠው የደም ምርመራው ነው። ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው፤ ከዘገየ ግን የእህቲቱ ስጦታ ሊጠፋ ይችላል። ትኩሳት፣ የሽንት ማነስ፣ እብጠት ወይም ተቅማጥ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ክኒኑ በየቀኑ በሰዓቱ ይዋጥ። ለታክሮሊመስ ምርመራ ደም የሚሰጥ ለት ግን የጠዋቱ ክኒን ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው። ሐኪም ያላወቀው መድኃኒት፣ የሱቅም ሆነ የሥር፣ አይወሰድ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከመንዝም ሆነ ከግሼ ወይም ከመርሐ ቤቴ አዲስ አበባ ድረስ ለምርመራ መመላለስ ገንዘብ ይጠይቃል። ወንድማችን አንድ ቀጠሮ ያለፈው መሳፈሪያ አጥቶ እንደነበር የሰማነው ዘግይተን ነው። ያን ቀን ቢሞት ኖሮ ግን የዕድሩ ገንዘብ በማግስቱ ይወጣ ነበር። ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

ስለዚህ ከመዋጮው ላይ ጥቂት ተነሥቶ ለታመመ አባል የምርመራ መሳፈሪያ እንዲሆን ለጉባኤው እናቀርባለን። ቁጥሩ ከፍ ባለ ጊዜም ወሬውን ትተን «መቼ ነው የምትሄደው? ማን ይሸኝህ?» እንበለው።

እግዚአብሔር ለሁላችንም ጤና ይስጥልን።