«ዱሊትል»ን ደግሞ ማድመጥ፦ የአንድ ባንድ ውጥረትና የደራሲነት ጥያቄ



ዛሬ የምንመለከተው «ዱሊትል» የተሰኘውን የፒክሲስ አልበም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከቦስተን የተነሣው ይህ ባለ አራት አባላት ባንድ አልበሙን ያወጣው በ1989 ሲሆን፣ 15ቱ ዘፈኖች 40 ደቂቃ እንኳ አይሞሉም። ፕሮዲዩሰሩ ጊል ኖርተን ዘፈኖቹ እንዲረዝሙ ቢወተውት፣ ድምፃዊው ብላክ ፍራንሲስ ወደ ሙዚቃ ቤት ወስዶ የባዲ ሆሊን አጫጭር ዘፈኖች አሳየው።

አልበሙ ለተከታዮቹ ያወረሰው የዝግታና የጩኸት ፍርርቅን ነው። ስንኙ በቤዝና በድራም ዝግ ብሎ ይጓዛል፤ አዝማቹ ላይ ጊታሩ ይፈነዳል። የኒርቫናው ከርት ኮቤይን ዝነኛ ዘፈኑን ሲደርስ ፒክሲስን ለመምሰል ይጥር እንደነበር በ1994 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ላይ በወጣ ቃለ መጠይቅ ተናግሯል።

በዚሁ ወቅት በፍራንሲስና በቤዝ ተጫዋቿ በኪም ዲል መካከል የነበረው ግንኙነት ሻክሮ ነበር። «ጠቡ ጥበቡን ወለደው» የሚለው ትርክት የሮክ ጸሐፍትን ያስደስታል። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ጠቡ ስለ ጠባይ ብቻ አልነበረም፤ ደራሲ ማን ነው የሚል ጥያቄም ነበረበት። በቀደመው አልበም «ጃይጋንቲክ»ን በዋና ድምፃዊነት የተጫወተችው ዲል፣ በ«ዱሊትል» ላይ በደራሲነት ስሟ የሰፈረው «ሲልቨር» በተባለው አንድ ዘፈን ብቻ፣ ያውም ከፍራንሲስ ጋር በጋራ ነው።

በእኛ የካሴት ሽፋኖች ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ለየባለቤታቸው ተለይተው መጻፋቸው የተለመደ ነበር። የሮክ አልበም ግን አብዛኛውን ጊዜ ለቅንብር እንዲህ ያለ ስፍራ የለውም፤ «ደራሲ» በሚል አንድ ቃል ያልፈዋል። «ዲቤዘር»ን አድምጡ፤ ዘፈኑን የሚከፍተው የዲል ቤዝ ነው። «ቴም» ላይ ፍራንሲስ ሲጮኽ የእሷ ድምፅ ይመልስለታል። ያ ድምፅ ባይኖር ጩኸቱ ባዶ ጩኸት በሆነ ነበር! ለዚህ ግን በደራሲነት መዝገቡ ላይ ዓምድ የለውም።

ዲል በ1990 ብሪደርስ በተባለው ባንዷ የራሷን አልበም አወጣች። ፍራንሲስ በ1993 የፒክሲስን መፍረስ በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ይፋ አደረገ፤ ለእሷ መልእክቱ የደረሳት በፋክስ ነበር። በዚያው ዓመት የብሪደርስ «ላስት ስፕላሽ» ወጥቶ፣ በአሜሪካ ሽያጩ ሚሊዮን ደረሰ። በ2004 አራቱ ዳግም ተሰባሰቡ፤ በ2013 ዲል ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ በእሷ ቦታ የቆሙት ተጫዋቾች «ዲቤዘር»ን የሚጀምሩት በዚያው ቤዝ ነው።