ጀምበር መደርደሪያ ላይ የለም

እሱ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «አቬንጀርስ» ልቤን የወሰደው በፍንዳታው አይደለም፤ ጀግኖቹ ጠላትን ከመግጠማቸው በፊት እርስ በርስ በመናቆራቸው ነው።

እሷ፦ ንትርክማ ባጃጅ ውስጥም ሞልቶልሃል፣ ያውም በነጻ!

እሱ፦ ቆይ እንጂ እህቴ! አይረን ማንም ቶርም አስቀድሞ የየራሳቸው ፊልም ነበራቸው። ሲገናኙ ጠባያቸውን እናውቃለን፤ ጠቡ የሚጥመው ለዚህ ነው። የእኛን ጀምበር ደግሞ ተመልከቺ። በሰራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 በኢታን ኮሚክስ ያወጣው ጀግና፣ አማኑኤል ጥላሁን፣ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው።

እሷ፦ እሱን እንኳ ሰፈሬ ውስጥ አውቀዋለሁ! ከዚያ ሴቷ ጀግና ሀዊ መጣች አይደል?

እሱ፦ አዎ፣ ሁለቱን አንድ ፊልም ላይ ባያቸው! ትንንሽ ቅርጻቸውን ደግሞ መደርደሪያዬ ላይ።

እሷ፦ ዘጌ ለጎብኚ የሚሸጡትን ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች የሚሠሩ እጆች አይሞክሩትም?

እሱ፦ በደንገል? ይበተናል።

እሷ፦ ሥዕሉንስ? ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ተማር። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር፤ ከሩቅ ትለያቸዋለህ።

እሱ፦ ቅዱሳኑን ከፊልም ጋር አታደባልቂብኝ።

እሷ፦ ስለ ቀለሙ ነው ያልኩት፣ ወንድሜ!