ሚቴንን በዝቅተኛ ግፊት ስለማከማቸት
(ለማኅበሩ አባላት በካዛንቺስ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንባት ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ቤቶቿ ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪዎቿ ከግቢ ኑሮ ወደ ፎቅ ኑሮ ተዛውረዋል። በግቢ ውስጥ ጭሱ በነፋስ ይበተን የነበረው የከሰል ምድጃ፣ በተዘጋ ክፍል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ አመንጭቶ ሰው ይገድላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን የብዙ ቤት መጠጊያ ያው ከሰል ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁትም ስለዚህ ነው።

የኦጋዴን ጋዝ በ1960ዎቹ በካሉብ ከተገኘ ብዙ ዘመን አልፎ፣ የመጀመሪያው የማምረቻ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመርቋል። በቤታችን ሲሊንደር ያለው ፕሮፔንና ቡቴን በጥቂት ባር ግፊት ፈሳሽ ይሆናል። የኦጋዴኑ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን ግን ከዜሮ በታች 82 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ በቀር የቱንም ያህል ቢጨቁኑት ፈሳሽ አይሆንም። ስለሆነም ወይ ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ያቀዘቅዙታል፣ ወይ በ200 ባር ያምቁታል። ሁለቱም ለማዕድ ቤት የሚሆኑ አይደሉም።

ሦስተኛው መንገድ ባለቀዳዳ ኦርጋኒክ ፖሊመር ነው። ይኸውም ግትር የካርቦን ቀለበቶች ተጋጥመው፣ ነገር ግን ተጠጋግተው መተኛት ስለማይችሉ፣ በመካከላቸው እስከ 2 ናኖሜትር የሚደርስ ክፍተት የሚተዉበት ጠጣር ነው። እንደ እንጀራ ዓይን ብናስበው አያሳስትም፤ ልዩነቱ የእንጀራውን ዓይን የከፈተው ጋዝ በኖ ሲሄድ፣ የፖሊመሩ ዓይን ጋዙን ይዞ ማስቀረቱ ነው። ሚቴኑ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው በደካማ ስሕበት እንጂ በኬሚካዊ ትስስር ስላልሆነ፣ ግፊቱ ሲቀንስ ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በቻይና የተሠራው ፓፍ-1 የተባለው ፖሊመር በአንድ ግራም 5,600 ካሬ ሜትር የገጽ ስፋት እንዳለው ተለክቷል።

ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ለመሐንዲስ ግን ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። ሲሊንደር የሚሞላው በግራም ሳይሆን በሊትር ነው፤ ቀላልና ልል ዱቄት ደግሞ ቦታ ይፈጃል። አንድ ሊትር ባዶ ዕቃ በ35 ባር ግፊት 40 ሊትር የማይሞላ ሚቴን ሲይዝ፣ ቀዳዳው በእንፋሎት በተከፈተ ጥሩ ከሰል ቢሞላ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። (የሚገድለን ከሰል ሳይነድ ሊያገለግለን መቻሉ ይገርማል።) ይህ ከሰል ከፖሊመሩ እጅግ ይረክሳል፤ ከቡና ገለባም ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ፖሊመር ይዞ የሚመጣ አቅራቢ በመጀመሪያ ከሰሉን በልጦ ያሳየን፤ ይኸውም ግፊቱ ከ35 ወደ 5 ባር ሲወርድ በሚሰጠው ጋዝ፣ ያውም በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ከተራገፈ በኋላ ነው። ዕቃው ሲሞላ መሞቁና ሲለቅ መቀዝቀዙም አብሮ ይለካ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሽታው ነው። ሚቴን ሽታ የለውም፤ ሲያፈስ እንዲታወቅ የሚጨመርበት የድኝ ውሑድ ደግሞ ከሚቴኑ ይልቅ በቀዳዳዎቹ አጥብቆ ይያዛል። ሽታው ውስጥ ቀርቶ ጋዙ ብቻ ቢወጣ፣ በአራተኛ ፎቅ ያለች እናት አደጋውን በምን ታውቃለች? ይህ ጥያቄ በሙከራ ሳይመለስ ዕቃው ወደ ማንም ቤት መግባት የለበትም።