ስለ ቋንጃ
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን ጥቂቶቹ የፈረስ ቤት ልጆች ነን። በደጋ ዳሞት ያደገ ሰው ቋንጃ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሐኪም ቤት መሄድ አያሻውም። ቋንጃው የተቈረጠ ከብት መራመድ አይችልም። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 49 ስለ በሬ፣ መጽሐፈ ኢያሱ በምዕራፍ 11 ስለ ፈረስ ይህንኑ ያነሣሉ፤ የጠላትን ፈረስ ከጦርነት ለማውጣት ቋንጃውን መቍረጥ ይበቃ ነበር።

በሰውም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከጭናችን በስተኋላ ሦስት ጡንቻዎች አሉ። ሁለቱ፣ ሴሚቴንዲኖሰስና ሴሚሜምብራኖሰስ፣ በውስጥ በኩል ወርደው ከትልቁ የቅልጥም አጥንት ይያያዛሉ። ሦስተኛው፣ ባይሴፕስ ፌሞሪስ፣ በውጭ በኩል ወርዶ ከቀጭኑ አጥንት ራስ ላይ ይያያዛል። መነሻቸው የምንቀመጥበት አጥንት ነው፤ የባይሴፕሱ አጭር ራስ ብቻ ከጭን አጥንት ይነሣል። አሁን በተቀመጣችሁበት ተረከዛችሁን ወደ መሬት ተጭናችሁ ከጕልበታችሁ በስተኋላ ብትዳስሱ፣ ጅማቶቹን በግራና በቀኝ ተወጥረው ታገኟቸዋላችሁ።

ሥራቸው ሁለት ነው፤ ጕልበትን ያጥፋሉ፣ ጭንንም ወደ ኋላ ይስባሉ። ጤፍ ሲያጭድ የሚውለውን ገበሬ አስቡ። ከወገቡ አጎንብሶ ሳለ ወደ ፊት እንዳይደፋ የሚይዙት፣ ቀና ሲልም የሚያነሡት፣ ከመቀመጫ ጡንቻ ጋር እነዚህ ናቸው። ማታ ጭኑን ቢጠዘጥዘው ስንፍና አይደለም።

ሯጭ ግን ሌላ ሸክም አለበት። እግሩ ወደ ፊት ተወርውሮ መሬት ሊነካ ሲል፣ ጡንቻው እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። በፈጣን ሩጫ ጕዳት የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ቅጽበት ነው፤ ይልቁንም በባይሴፕሱ ረጅም ራስ ላይ።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። አንድ ጓደኛችን በ100 ሜትር ሩጫ መካከል ጭኑን ይዞ ወደቀ። እኛም ወዲያው በቅባት አሸነው፤ በሳምንቱ ደግሞ ለዱላ ቅብብል «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህም?» ብለን አስሮጥነው። ዳግመኛ ተጎዳ፤ ወር ሙሉም በምርኩዝ ሄደ። መጀመሪያ ሊደረግለት ይገባ የነበረው ማሳረፍ፣ በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ማሰርና እግሩን ከፍ አድርጎ ማስተኛት ነበር። ትኩስ ጕዳት አይታሽም። ወደ ሩጫ መመለስ የሚገባውም ሕመሙ ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ የተጎዳው እግር ኃይል ከጤነኛው ጋር ሲስተካከል ነው። አንድ ጊዜ የተጎዳ ቋንጃ ዳግመኛ ለመጎዳት ቅርብ ነውና።

መከላከያውም ገንዘብ አይጠይቅም። ከሩጫ በፊት ሰውነትን ማሟሟቅ ነው፤ ደግሞም ተንበርክኮ፣ ጓደኛ ቍርጭምጭሚትን ይዞ፣ ቀስ እያሉ ወደ ፊት መውረድ ነው። ይህ ልምምድ በእግር ኳስ ተጫዋቾች ተሞክሮ ጕዳቱን በብዙ ቀንሷል።

ከእንግዲህ ጭኑን ይዞ የወደቀ ጓደኛችንን «ተነሥ» ከማለታችን በፊት «ዕረፍ» እንበለው።